ለእናቴ የሚሆን ባኞ

እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆመች በስድስተኛው እሑድ መታጠቢያ ቤታችንን ላፈርሰው ቆረጥሁ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እስከ ቤታችን ድረስ ይሰማል። እሷ ምርኩዟን ይዛ በረንዳው ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ተቀምጣለች። ሕዝቡ ሲሰግድ አንገቷን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች፤ ሕዝቡ «አሜን» ሲል እሷም ቀስ ብላ «አሜን» ትላለች። ከደጃችን እስከ ቅጥሩ በር ቢበዛ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ይህችን መንገድ ስድስት እሑድ ሙሉ አልተራመደቻትም፤ እኔም ስድስት እሑድ ሙሉ «ጉልበቷን አሟት ነው» እያልሁ ራሴን ሳታልል ከረምሁ።

ጉልበቷ አልነበረም። ከፋሲካ በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንሸራቷት ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታለች። አጥንት አልተሰበረም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ቆማ መታጠብ አልቻለችም። ይባስ ብሎ ሽንቷ ሳታስበው ያመልጣት ጀመር። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ከአልጋዋ ሥር ተጠቅልሎ ያገኘሁት ቀሚስ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ገላዋን ትጠራርጋለች፣ ልብሷን ትቀያይራለች፣ ትራሷ ሥር ጤና አዳም ታደርጋለች፤ ንጹሕ ነኝ ብላ ግን አታምንም። «እንዲህ ሆኜማ የእግዜርን ደጅ አልረግጥም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

እኔ ነርስ ነኝ። ቢቸና ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የማላውቃቸውን እናቶችና አባቶች ገላ ሳጥብ ኖሬያለሁ። የገዛ እናቴን «ነይ ላጥብሽ» ስላት ግን ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ «ተይኝ ልጄ» አለች። «እኔ ቆብ የደፋሁ ሰው ነኝ። ገላዬን ለእግዜር ሰጥቻለሁ፤ ለማንም አላሳይም። ለአንቺም ቢሆን።» አባቴ ካረፈ በኋላ መንኩሳ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ባልቴቶች ገዳም ሳትገባ፣ ቆቧን ደፍታ እዚሁ ከእኔ ጋር ነው የምትኖር። ሰፈሩ ሁሉ እማሆይ ይላታል። እኔ እምዬ እላታለሁ፤ ስትቆጣኝ ብቻ እማሆይ እላታለሁ።

እና ያን እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ሰው ነጭ ለብሶ በደጃችን ሲያልፍና እሷ ሰላምታ እንዳይደርሳት ወደ ውስጥ ስትገባ አየሁና ለራሴ ቃል ገባሁ። ፍልሰታ ሳይገባ እናቴ በራሷ እጅ ታጥባ፣ በራሷ እግር ቅዳሴ ትገባለች። ያዝሁ ካልሁ አለቅም። ትዳሬም የፈረሰው በዚሁ ጠባዬ ነው ይላሉ፤ ውሸት አይደለም።

የነበረችን መታጠቢያ ቤት ቁም ሣጥን ታክላለች። ወለሏ ሊሾ ነው፤ ውሃ ሲነካው ሳሙና ይመስላል። ሻወሩ ከአናት ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱም ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው። የሚያስፈልጋት ሙቅ ውሃ ሞልቶ ሰውነቷን ዘና የሚያደርግላት ባኞ ነው ብዬ ደመደምሁ። ለታመመ ዳሌ ሙቅ ውሃ መድኃኒት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሐሳቤን ስነግረው በቴሌግራም የባኞ ፎቶ ያዘንብብኝ ጀመር። እንቁላል የመሰለ አለ። አራት የወርቅ ቀለም እግሮች ያሉት አለ። ጥግ ላይ የሚገባ ሦስት ማዕዘን አለ። ውሃውን ከሥር እንደ ሽሮ የሚያንተከትክም አለ። በእያንዳንዱ ውስጥ ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች አንዲት ፈረንጅ ሻማ አብርታ ተንጋላለች። «ቅርጹን ምረጪ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው» ይለኛል። እኔም ከሥራ መልስ ስልኬን ይዤ ስመርጥ አመሻለሁ። ዕድሜ ልኬን በሳፋና በጆግ የታጠብሁ ሰው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የባኞ አዋቂ ሆንሁ።

ግንበኛ አመጣሁ። የጥኖራ በምትባል ከተማ ተወልዶ ቢቸና ያረጀ፣ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ መምህሩን አስቆጥቶ የወጣ ሰው ነው። መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጣል፤ ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ እንደማለት ነው። ሊሾውን መፈንቀል ከመጀመሩ በፊት ወደ በረንዳው አየና «ባኞው ለእማሆይ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እማሆይን ጠይቀሻቸዋል?»

«እኔ ነርስ ነኝ» አልሁት። «ምን እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ።»

«ይሁና» አለ፤ መዶሻውንም አነሣ። የዚያን ቀን መልሴን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ቢቸና ውስጥ ሳፋ እንጂ ባኞ የሚሸጥ አላገኘሁም። ሞጣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሦስት ባኞ አስመጥቷል ሲሉ ሰማሁና፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ በሌሊት መኪና ተሳፈርሁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ስንደርስ ረፍዶ ነበር። ባለሱቁ መፋቂያውን በአፉ ይዞ፣ ባኞዎቹን በሲሚንቶና በቆርቆሮ መካከል እንደ ሙሽራ ደርድሮ አገኘሁት። አንዱ ወንድሜ የላከው ዓይነት ባለ እግር ነው። አንዱ የጥግ ነው። አንዱ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ሰፊ፣ ነጭ ነው።

«ለሆቴል ነው?» አለኝ።

«ለቤት ነው። ለእናቴ።»

«እናትዎ ውጭ አገር ነው የኖሩ?»

«መነኩሲት ናቸው» አልሁት።

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ሊስቅ ፈልጎ ዓይኔን አየና ተወው። ባለ እግሩን ጠላሁት፤ ስነካው ይወዛወዛል። የጥጉ ባኞ ወገብ አያስዘረጋም። ረጅሙን ግን ገና ሳየው ወደድሁት። ሰው እግሩን ዘርግቶ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ሊተኛበት ይችላል። ጫማዬን አውልቄ ልሞክረው አሰብሁ፤ መንገደኛው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አፈርሁ። በእጄ ብቻ ዳስሼ «ይህን» አልሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ባለሱቁ መንገድ ላይ እንዳይጫጫር መጠቅለያ ያስፈልገዋል አለኝ። እሱ ዘንድ ግን መጠቅለያ የለም። ከጎኑ ካለው የጨርቅ ሱቅ ገብቼ ርካሹን ጨርቅ ስጡኝ አልሁ፤ አቡጀዲ ቀደዱልኝ። ባኞውን ከላይ እስከ ታች በነጩ አቡጀዲ ጠቅልለን በሦስት ቦታ በገመድ አሰርነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስንቱን ሬሳ በአቡጀዲ ሲገንዙ ያየሁ ሴት፣ ያን ጊዜ ምንም አልታየኝም። ሐሳቤ ሁሉ ጭረቱ ላይ ነበር።

በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ተመለስሁ። መኪናው እኛ ቅያስ አይገባም፤ ዋናው መንገድ ላይ አቆመና አራት ወዛደሮች ባኞውን በትከሻቸው ተሸከሙት። ዝናብ ስለነበር መሬቱ ያዳልጣል፤ ስለዚህ ቀስ እያሉ፣ እግር እያስተካከሉ ነው የሚሄዱት። እኔ የመኪናው ጭስ ራሴን አዙሮኝ፣ ዓይኔ ቀልቶ እንባ እያወረደ፣ አንድ እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ከኋላ እከተላለሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበሩ ሴቶች ብድግ ብድግ ሲሉ አየሁ። ሰላምታ መሰለኝና አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁ።

ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። የእኛ ጎረቤቶች ባለቤቱ ትንፍሽ ሳይል ደረሱ። ወዛደሮቹ ባኞውን ሳሎን አስቀምጠው ወገባቸውን ሳያቀኑ፣ ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች በሩን ገባች። «ወይኔ እማሆይ! ወይኔ ጸሎተኛዋ!» ከኋላዋ ስድስት ሰባት ሴቶች አሉ፤ ሁሉም ነጠላቸውን ለለቅሶ ዘቅዝቀዋል። ግቢው በአንድ ጊዜ ሞላ። የእድሩ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «እግዜር ያጥናሽ። ድንኳኑን ከፊት ነው ከጓሮ የምንተክለው?» አለኝ።

ምን ድንኳን እንደሚል ገብቶኝ አፌን ሳልከፍት የጓሮው በር ተከፈተ። እናቴ ጓሮ ፀሐይ ስትሞቅ ቆይታ ነበር የመጣች። ለቅሶውን ሰምታለች፤ ለቅሶ የሰማ ሰው የሚያደርገውን አድርጋለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ እንባዋን አዘጋጅታ ነው የገባች። «ማነው ልጆቼ? ማን ነው የሞተ?» አለች።

  ጎረቤቴ ጩኸቷን ከአፏ ሳትጨርሰው መደቡ ላይ ቁጭ አለች። የእድሩ ሰው ባርኔጣውን መልሶ ደፋ፣ አወለቀ፣ ደፋ። እናቴ አንዷን ታያለች፣ ሌላዋን ታያለች፤ ከዚያ ሳሎን መካከል በነጭ አቡጀዲ ተገንዞ በሦስት ቦታ የታሰረውን ረጅም ነገር አየች። ቀስ ብላ የነጠላዋን ጥለት ወደ ቦታው መለሰች።

በኋላማ ተሳቀ። እውነቱ ሲታወቅ ሴቶቹ እየሳቁ አለቀሱ፤ «ያለ ቀኗ የተለቀሰላት ዕድሜዋ ይረዝማል» እያሉ አንድ በአንድ ጉልበቷን ሳሙ። እሷም መረቀቻቸው። እኔም ሳቅሁ። ሁሉም ሄደው ስንቀር ግን እናቴ አልሳቀችም።

«አየሽ ልጄ» አለችኝ። «አንዲቷ እንኳ እንዴት ሞተች ብላ አልጠየቀችም።»

«ደንግጠው ነው እምዬ።»

«አልደነገጡም። ሲጠብቁኝ ነበር። ቅዳሴ የቀረች አሮጊት ምን ትሆናለች ብለው ነው?» ከዚያ ባኞውን በምርኩዟ ጫፍ ነካ አደረገችው። «በዚህ ውስጥ ደግሞ በጀርባዬ ተኝቼ፣ እጄን አጣጥፌ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ልታጠብ? ይህን ሲደርስ አደርገዋለሁ። አንቺ ምን አስቸኮለሽ?»

እንዲህ ብላ ገብታ ተኛች፤ ገና ፀሐይዋ አልጠለቀችም ነበር። ተናደድሁ። በሷም፣ በሰፈሩም፣ በአቡጀዲውም ተናደድሁ። ስንቱን ደክሜ ያመጣሁትን፣ ሳታየው፣ ሳትሞክረው! አጉል እምነት ነው አልሁ። ውሃ ሞልቼ ሙቀቱን ስታየው ትለምደዋለች አልሁ። እንዲያውም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ ብተክለው ሣጥን መምሰሉን ያቆማል ብዬ ሳሰላስል አመሸሁ። እልህ ሲይዘኝ የማስበው እንዲህ ነው።

ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ሳሎን ውስጥ ቆሜ አየሁት። ሞጣ ላይ ማድረግ የነበረብኝን ለማድረግ ወሰንሁ። ጋዋኔን እንደለበስሁ ባዶው ባኞ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ምቹ ነበር፤ ለመተኛት። ከዚያ ራሴን እናቴን አደረግሁ። ቀኝ ዳሌዬ የለም አልሁ፤ ጉልበቴ አይታዘዝም አልሁ፤ እጄ የሰባ ዘጠኝ ዓመት እጅ ነው አልሁ። እንዲህ ሆኜ ልነሣ ብሞክር ልነሣ አልቻልሁም። ጠርዙን ብይዘው እጄ ያንሸራትተኛል። ወደ ጎን ብዞር ባኞው ጠባብ ነው። በጀርባዋ እንደወደቀች ጥንዚዛ ተንፈራገጥሁ። ውሃ ቢኖርበት ኖሮ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ሙያ እናቴን የሚያሰጥም ዕቃ በገዛ እጄ እንድገዛ አላገደኝም።

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ደረሰልሽ?» አለች። «ልክሽ ነው?» ከዚያ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እኔም ከዚያው ከተኛሁበት ሆኜ፣ እሷን ከታች ወደ ላይ እያየሁ፣ ግንበኛው የጠየቀኝን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«እሺ እምዬ፤ አንቺ እንዴት ያለ ነው የምትፈልጊው?»

አላመነታችም። መልሱ ከወደቀች ጀምሮ ምላሷ ላይ ተቀምጦ ጠያቂ ሲያጣ የከረመ ነበር። «ተቀምጬ» አለች። «እግሬ መሬት ረግጦ። ልወጣ ስል የምይዘው ነገር ኖሮ። አጭር ይሁን፤ ጠለቅ ይበል፤ ውሃው ጡቴ ድረስ ቢደርስልኝ ይበቃኛል። መሸጎሪያው ከውስጥ ይሁን።»

እስከ መሸጎሪያው ድረስ ሁሉንም ተቀበልሁ። መሸጎሪያውን ግን አልቀበልም አልሁ። የወደቀች ሴት ከውስጥ በተሸጎረ በር ጀርባ ምን እንደምትሆን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። «አይሆንም!» አልሁ። «በሩ አይቆለፍም፤ እኔ ውጭ እቆማለሁ።»

«እንግዲያ ሳፋዬን መልሽልኝ» አለች። «ስሚ ልጄ። ከወደቅሁ በሩን ስበሪው። ካልወደቅሁ አትክፈችው።»

ከማን ወረስሽው የሚሉኝን እልህ ያን ጊዜ ከምንጩ አየሁት። እሺ አልሁ።

ግንበኛው ነገሩን ሲሰማ ሊሾ የፈነቀለበትን አቧራ ከእጁ አራግፎ በደስታ ተነሣ። «ቀድሞስ እኔ ምን ብዬ ነበር?» አለ፤ እውነቱን ነው። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ እናቴ ሲሄድ ግን እጇን ዘረጋችና አስቆመችው። ለአሮጊት ሜትር የሚዘረጋው መቃብር ቆፋሪ ነው አለች፤ በዚያው ሳምንት አንዴ ተለቅሶላታል፤ ዳግመኛ አትለካም። እኔ ልቆጣ ስል እሱ ሜትሩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ልክ ነዎት እማሆይ» አላት። «አልለካዎትም። አሸዋ ላይ ይቀመጡልኝ።»

ግቢው ውስጥ ለሥራው የመጣ የወንዝ አሸዋ ተከምሮ ነበር። ውሃ ረጭቶ አረጠበው፤ በአካፋው መታ መታ አድርጎ እንደ ቤት መደብ ያለ ነገር ሠራና በላዩ ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አነጠፈ። እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ከፍ ይበል» አለች። ተነሣች፤ ጨመረበት። ተቀመጠች። «በዛ።» ቀነሰ። «እዚህ ጋ ወገቤን ይደግፈኝ።» ከኋላ ቆለለላት። ከፊቷ ደግሞ የጉልበቷ ቁመት ያህል ሌላ መደብ አበጀላት፤ መጀመሪያ እሱ ላይ ትቀመጥና፣ ወገቧን ሳታጎብጥ ሁለት እግሯን አንሥታ ወደ ውስጥ ታዞራለች። ዐልጋ ላይ እንደሚወጣ ሰው። ሦስቴ ወጥታ ሦስቴ ገባች። በአራተኛው ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ ገባች፤ በባዶ እጇ፣ ማንም ሳይነካት። ሥራ ረፍዶብኛል፤ ግን ከዚያ ግቢ የሚያስወጣኝ አልነበረም።

ከተነሣች በኋላ ግንበኛው አሸዋውን ለካው። የመቀመጫውን ከፍታ፣ የእግሩን ስፋት፣ የድጋፉን ዝንባሌ፣ ሁሉን በእርሳስ በር ላይ ጻፈ። ባኞዬ ቅርጽ አገኘ። እንቁላልም፣ ሦስት ማዕዘንም አይደለም። እናቴ ስትቀመጥ ያላት ቅርጽ ነው።

መልኩንም የመረጠች እሷ ናት። እኔ ከላይ እስከ ታች የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ አስቤ ነበር። «እሱ ነው የጣለኝ» አለች፤ ልስላሴውን ማለቷ ነው። ግንበኛው ከሌላ ሥራ የተረፈ የሴራሚክ ስባሪ በጆንያ ነበረው፤ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ትንሽ ቡናማ። ወለሉና መቀመጫው በስባሪ ከተለበጠ መጋጠሚያው እግር ይይዛል፤ አያንሸራትትም አላት። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስባሪውን አንድ በአንድ በጣቷ እየዳሰሰች ስለታሙን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ መረጠች። ሁለት ቀን ፈጀባት። ያን ሁለት ቀን ሰው በደጃችን ሲያልፍ ወደ ውስጥ አልገባችም። «ምን እየሠሩ ነው እማሆይ?» ሲሏት «ባኞ» ትላቸዋለች።

ወንድሜ ፎቶውን ሲያይ «ይሄ ምንድነው? የከብት ገንዳ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። አልመለስሁለትም። ሰኔ ሲያልቅ ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ሁለት እጅ ተለስኖ፣ ስባሪው ተለጠፈ። ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ሆኖ ተሠራ፤ ክርን እንዳይመታ። ከግድግዳው ላይ እንደ ክንድ የወፈረ የብረት መያዣ ወጣ። ግንበኛው መያዣው ላይ ሙሉ ሰውነቱን ተንጠልጥሎ አሳየን። መሸጎሪያውን ደግሞ እሷ ከተቀመጠችበት እጇን ስትዘረጋ የሚደርስበት ዝቅታ ላይ መታው። ሲሚንቶው እስኪጠነክር እርጥብ ከረጢት እያለበስን ብዙ ቀን ጠበቅን። ለእኔ የዚያ ሰሞን ትዕግሥት ከሥራው ሁሉ የከበደ ነበር።

የሞጣው ባኞ ዛሬ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ነው። የክረምቱን ውሃ ያጠራቅምልናል፤ ጎረቤቴ ጋቢ ትዘፈዝፍበታለች። እዚያ ሲውል ማንንም አያስደነግጥም።

ሐምሌ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውሃ በትልቅ ድስት አሞቅሁና አጋማሽ ድረስ ሞላሁላት። በክርኔ ሙቀቱን ለካሁ። ሳሙናውን፣ ጆጉን፣ ፎጣውን እጇ በሚደርስበት አኖርሁ። ገባች። በሩን ዘጋች። መሸጎሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ።

እኔ ውጭ ቆምሁ። በእጄ ፋስ ይዤ ነበር፤ አላፍርም፤ ስበሪው ብላኛለች። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ አዳመጥሁ።  መጀመሪያ ልብስ ሲወልቅ ተሰማኝ። ምርኩዟ ግድግዳ ተደገፈ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፤ ከዚያ እግር ውሃ ውስጥ ሲገባ። «እምዬ!» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ የጆግ ድምፅ መጣ፤ ውሃ ሲቀዳ፣ ውሃ ሲፈስ፣ ደግሞ ሲቀዳ። በጆጉ መካከል መዝሙረ ዳዊቷን በቃሏ ትላለች። ድምፅዋ በረንዳው ላይ እንደምታንሾካሹከው አልነበረም፤ ወጣ ብሎ፣ ግድግዳውን እየመታ ይመጣ ነበር። ፋሱን መሬት አስቀምጬ አለቀስሁ።

ግማሽ ሰዓት ሆነ። የጆጉ ድምፅ ቆመ። ከዚያ መሸጎሪያው ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ በሩም በትንሹ ተገፋ።

«ግቢ» አለችኝ።

«ወደቅሽ?»

«ምን እወድቃለሁ? ጀርባዬ አልደረሰልኝም፤ ግቢ።»

ገባሁ። መቀመጫዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ከፊት በነጠላዋ ተሸፍናለች፤ ጀርባዋ ወደ እኔ ነው። አላዘዝኋትም፣ አላግባባኋትም፣ ነርስ ነኝ አላልኋትም። እሷ ነች የከፈተችልኝ። ሳሙናውን አንሥቼ ወደ ጀርባዋ ጠጋ አልሁ። ቀጭን ነው፤ አከርካሪው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ትከሻዋ ላይ አንቀልባ ያሳለፈው የሚመስል የቆዳ መስመር አለ። እኔንም ወንድሜንም ያዘለ ጀርባ ነው። ሃምሳ ልደፍን ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ገና ያን ቀን አየሁት።

«ምን ትዳስሺዋለሽ?» አለችኝ ሳትዞር። «በርትተሽ እሺው እንጂ! ነገ እኮ ቅዳሴ ነው የምገባው።»

በርትቼ አሸሁት።